ዳግመኛ የተሞላ የሽጉጥ ጥይት ከፋብሪካው ጋር ይተካከላልን?

ነጋዴ የሚገዛው ዕቃ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ወገን ዓይን አይቶት፣ እጅ ዳሶት፣ አፍንጫ አሽትቶት ደግነቱ የሚታወቅ ነው፤ ቡናና ቅቤ፣ ቆዳና አቡጀዲ ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ወገን ግን ውስጡ የማይታይ፣ ደግነቱም ሆነ ክፋቱ ሥራ ላይ በዋለ ጊዜ ብቻ የሚገለጥ ነው። ከዚህ ከሁለተኛው ወገን እንደ ጥይት ያለ የለም። ጥይት የሚፈተነው ሲተኮስ ነው፤ ሲተኮስ ደግሞ ያልቃል። እንግዲህ የተፈተነውን መሸጥ አይቻልም፤ የሚሸጠውም ሁሉ ያልተፈተነ ነው ማለት ነው።

ከጊዜ ወዲህ በውጭ አገር፣ ይልቁንም በአሜሪካ፣ የተተኮሰ ቀለህ ሰብስቦ በቤት ውስጥ እንደገና መሙላት የታወቀ ልማድ ሆኗል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው መሣሪያ፣ ባሩዱና አረሩ በዚያ አገር በግልጽ ይሸጣል። የውጭ ነጋዴ ቤቶችን የዕቃ ዝርዝር የሚያገላብጥ አስመጪ ይህን ባየ ጊዜ፣ «በእጅ የተሞላው ጥይት የፋብሪካውን ያህል ይሠራልን? በርካሽ የሚገኝ ከሆነስ ለንግድ ይሆናልን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ መስጠት ነው። መልሱም ባጭሩ ይህ ነው፤ በእጅ የተሞላ ጥይት ለሞላው ሰው ከፋብሪካው ጋር ሊተካከል ይችላል፤ ለገዛው ሰው ግን አይተካከልም። ምክንያቱን ከዚህ በታች በየተራው እናስረዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥይት እንደ ገንዘብ በነበረ ጊዜ

ነገሩ ለአገራችን ንግድ እንግዳ አይደለም። በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ አራዳ የሚወጣ ነጋዴ ሁሉ፣ ድልድዩ የተሰየመላቸው መስፍን ከ1887 እስከ 1906 ድረስ የሐረርጌ ገዥ እንደ ነበሩ ያውቃል። በዚያን ዘመን ሐረር ከባሕር ወደ መካከለኛው አገር ለሚገባው ሸቀጥ ትልቅ በር ነበረች፤ ከሸቀጡም አንዱ የጦር መሣሪያ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ ከታጁራ ተነሥቶ ከ2,000 የሚበልጥ አሮጌ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ሸዋ ገባ፤ በ1887ም ያን ጊዜ ንጉሠ ሸዋ ለነበሩት ለምኒልክ ሸጠ። ዋጋውም በእንጦጦ አልተከፈለውም፤ ሐረር ላይ ያን ጊዜ ደጃዝማች የነበሩት መኮንን እንዲከፍሉት የክፍያ ወረቀት ተሰጠው። የዛሬ ነጋዴ ይህን አከፋፈል በሚገባ ያውቀዋል።

በዚያን ዘመን የገባው ጠመንጃ ዓይነቱ ብዙ ነበረ፤ ስናድር፣ ረሚንግተን፣ ቬተርሊ፣ ውጅግራ እየተባለ ይጠራ ነበር። «ውጅግራ» የሚለው ስም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይ ቃል የመጣ ሲሆን፣ በ1874 ለፈረንሳይ ጦር የተሠራው የግራ ጠመንጃ መጠሪያ ነው። ጥይቱ 11 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ አረር፣ 5 ግራም ከሩብ ያህል ጥቁር ባሩድ ነበረው። በልዩ ልዩ የአገራችን ክፍል ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጋር ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሆኖ ይሠራ ነበር። መጠኑ አንድ ዓይነት ስለ ነበረ፣ በቀላሉ ስለሚቈጠርና ሁሉም ስለሚፈልገው ለገንዘብነት የተመቸ መሰለ።

ነገር ግን በብሩና በጥይቱ መካከል ትልቅ ልዩነት ነበረ። የማርያ ቴሬዛ ብር መቼም ቢመታ 1780 የሚለውን ዓመት እንደ ያዘ፣ 28 ግራም ያህል ክብደቱን እንደ ጠበቀ ይወጣል፤ ገበሬውም ሆነ ነጋዴው በንግሥቲቱ ልብስ ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቁ ቈጥሮ፣ ብሩን በድንጋይ ላይ አቅጭሎ ደግነቱን ያረጋግጥ ነበር። ጥይት ግን ይህን የመሰለ ምርመራ የለውም። የተተኮሰ ቀለህ ተሰብስቦ በአገር ባሩድና በአገር እርሳስ እንደገና ይሞላ ስለ ነበር፣ በውጭ ሲያዩት ደህና የሚመስለው በውስጡ ሌላ ሆኖ ይገኛል። በገበያ እጅ በእጅ ሲዘዋወር ዋጋው አይጐድልም፤ ጕድለቱ የሚታወቀው በመጨረሻ ቃታ በሚስበው ሰው ላይ ነው። ጠላት ወይም አውሬ ከፊቱ ቆሞ ጥይቱ የከሸፈበት ሰው፣ የተቀበለው ገንዘብ ሐሰተኛ መሆኑን የሚያውቀው በነፍሱ ነው። የዛሬው ጥያቄም ከዚህ የተለየ አይደለም።

የጥይት አራት ክፍሎች

ጥይት አራት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ቀለህ ነው፤ ከመቶ 70 እጅ መዳብ፣ ከመቶ 30 እጅ ዚንክ ከሆነ ናስ ይሠራል። ሁለተኛው ካፕሱል ነው፤ ይኸውም በቀለሁ ቂጥ ላይ የምትቀመጥ፣ መርፌው ሲመታት እሳት የምትተፋ ትንሽ ክዳን ናት። ሦስተኛው ባሩድ ነው። አራተኛው ከአፈሙዝ የሚወጣው አረር ነው።

ጥይቱ ሲተኮስ ካፕሱሉ፣ ባሩዱና አረሩ ያልቃሉ፤ ቀለሁ ግን ይቀራል። ከአራቱም በዋጋ ውድ የሆነው ብዙውን ጊዜ ይኸው የሚቀረው ቀለህ በመሆኑ፣ ሰዎች እንደገና ለመሙላት የሚሹት ስለዚህ ነው። ናስ ሲተኮስ ተለጥጦ ከመሣሪያው ክፍል ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ወዲያውም ጥቂት መለስ ይላል። በዚህ ጠባዩ ምክንያት ወደ ቀድሞ ልኩ ተጨምቆ ብዙ ጊዜ ሊያገለግል ይችላል። ሆኖም በተለጠጠና በተጨመቀ ቍጥር እየደረቀ፣ በመጨረሻም እየተሰነጠቀ ይሄዳል።

ቀለህ ሁሉ ለዚህ ሥራ እኩል አይመችም። «ቦክሰር» በተባለው አሠራር የቀለሁ ቂጥ መካከል ላይ አንድ የእሳት ቀዳዳ ብቻ ስላለው፣ ያገለገለችው ካፕሱል በቀጭን ዘንግ ተገፍታ በቀላሉ ትወጣለች። «በርዳን» በተባለው አሠራር ግን ቀዳዳው ሁለት ሆኖ መሐሉ ላይ ከቀለሁ ጋር አብሮ የተሠራ ጕብታ አለ፤ ስለዚህ ካፕሱሏን ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ይህ ልዩነት በውጭ ሲታይ አይታወቅም፤ በቀለሁ አፍ ወደ ውስጥ ሲመለከቱ ብቻ ይታያል።

የቀድሞው ልማድ ለዛሬው ባሩድ አይሆንም

የቀድሞው ቀለህ ሞይ ሚዛን አልነበረውም፤ የሚሞላው በስፍር ነበር። ይህም ልማድ ከጥቁር ባሩድ ጠባይ ጋር የተስማማ ነበር። ጥቁር ባሩድ ከድኝ፣ ከከሰልና ከፖታሲየም ናይትሬት የሚቀመም ሲሆን፣ ኃይሉ ለብዛቱ አነስተኛ ነው፤ ቀለሁም እስከ አረሩ ግርጌ ድረስ እንዲሞላ ሆኖ የተሠራ ነው። እንግዲህ ሞዪው ቢሳሳትም ስሕተቱን ቀለሁ ራሱ ይወስነዋል፤ ከሞላ በኋላ የሚጨመርበት ቦታ የለምና። በአገር የተቀመመው ባሩድ ደካማ በሆነ ጊዜ ጥይቱ ቅርብ ይወድቃል እንጂ ጠመንጃውን አያፈነዳም ነበር።

በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ ጢስ አልባ ባሩድ ከፈለሰፈ በኋላ ግን ሁሉ ነገር ተለወጠ። ይህ ባሩድ በጥቂቱ ብዙ ኃይል ይሰጣል። በ1902 የወጣውንና በዓለም ላይ እጅግ የተሠራጨውን 9 ሚሊሜትር ፓራቤለም የሽጉጥ ጥይት እንመልከት። በዚህ ጥይት ውስጥ ያለው ባሩድ ከግማሽ ግራም በታች ነው፤ የውጅግራው ግን ከ5 ግራም በላይ ነበር። ነገር ግን የዚህች ትንሽ ጥይት የተፈቀደ ከፍተኛ ግፊት በዓለም አቀፉ የመሣሪያ መመርመሪያ ጉባኤ ደንብ 2,350 ባር ነው። የመኪና ጐማ ግፊት ከሁለት ባር ጥቂት ከፍ የሚል መሆኑን ያሰበ ሰው፣ በእጅ መዳፍ ውስጥ የጐማው ሺህ እጥፍ ግፊት እንደ ተያዘ ይረዳል።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ የሽጉጥ ባሩዶች የቀለሁን ግማሽ ስንኳ አይሞሉም። ስለዚህ አንድ ሰው ሐሳቡ ተሰርቆ አንዱን ቀለህ ሁለት ጊዜ ቢሞላው፣ ባሩዱ ሳይፈስስ ሊገባ ይችላል፤ አረሩ ከላይ ከተቀመጠ በኋላም ያንን ጥይት ከሌላው የሚለይ ምልክት የለም። የዚህ ተቃራኒም አደጋ ነው። ባሩድ የሌለበት ቀለህ በካፕሱሏ ኃይል ብቻ አረሩን አፈሙዝ ውስጥ ገፍቶ ይተወዋል፤ ቀጥሎ የሚተኮሰው ጥይት የተዘጋ አፈሙዝ ያጋጥመዋል፤ ሽጉጡም ሊፈነዳ ይችላል። የቀድሞው «እስኪሞላ ሙላው» የሚለው ልማድ በዛሬው ባሩድ ላይ ቢሠራበት፣ መሣሪያውን ከነያዡ ማጥፋት ነው።

የፋብሪካ ጥይት ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው የፋብሪካ ጥይት የሚበልጠው በፍጥነቱ ወይም በኃይሉ ነው ብሎ ያስባል። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ፋብሪካ የሚሸጠው ተመሳሳይነትን ነው። ከአንዱ ሣጥን የወጣው ሃምሳኛው ጥይት እንደ መጀመሪያው እንዲሆን፣ በበጋ የተገዛውም በክረምት እንደ ተገዛው እንዲሠራ ማድረግ የፋብሪካው ዋና ሥራ ነው።

ይህንም ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እንስጥ። አንድ ሰው ከአንድ ሣጥን አምስት ጥይት ተኩሶ በሰከንድ 340፣ 355፣ 350፣ 362 እና 343 ሜትር ፍጥነት አገኘ እንበል። ከሌላ ሣጥን ደግሞ 348፣ 351፣ 350፣ 352 እና 349 ሜትር አገኘ። ሁለቱም ሲደመሩ 1,750 ይሆናሉ፤ ለአምስት ሲካፈሉ አማካያቸው እኩል 350 ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ሣጥን በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት 22 ሜትር ሲሆን፣ በሁለተኛው 4 ሜትር ብቻ ነው። በአማካዩ ብቻ የሚፈርድ ሰው «እኩል ናቸው» ይላል፤ ልዩነቱን የሚያይ ግን ሁለተኛውን ይመርጣል። ጤፍ የሚሸጥ ነጋዴ አንዱን ኩንታል አጕድሎ ሌላውን ቢያስበልጥ፣ አማካዩ ትክክል ነው ብሎ ከደንበኛው ጋር ሊታረቅ እንደማይችል ሁሉ፣ በጥይትም ነገሩ እንዲሁ ነው።

ፋብሪካው ይህን ተመሳሳይነት የሚያገኘው በብዙ ምርመራ ነው። ከአንድ የባሩድ ምድብ አንድ የጥይት ምድብ ይሠራል፤ ከምድቡ ውስጥ ጥቂቱን ለይቶ ግፊትና ፍጥነት በሚለካበት አፈሙዝ ይተኩሳል፤ ውጤቱ ከተወሰነው ልክ ውጭ ከሆነ ምድቡ አይወጣም። ልኩን ያለፈው ምድብ ቍጥር ይሰጠውና በሣጥኑ ላይ ይታተማል። በመግቢያችን ላይ «የሚሸጠው ጥይት ሁሉ ያልተፈተነ ነው» ብለናል፤ ገዢው ይህን ያልተፈተነውን ጥይት የሚያምንበት ማስረጃ ይኸው የምድብ ቍጥር ነው። ወንድሞቹ ተፈትነው አልፈዋልና።

መተካከል እንዴት ይገኛል?

በእጅ የሚሞላው ሰው ከፋብሪካው ጋር ልተካከል ቢል በመጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ አንዱን የፋብሪካ ጥይት ፈትቶ፣ ባሩዱን መዝኖ፣ ያንኑ ያህል መሙላት ነው። ይህ ሐሳብ ቀና ይመስላል፤ ነገር ግን አደገኛ ነው። ፋብሪካዎች ባሩድ የሚገዙት በጅምላ ሲሆን፣ ለየምድቡ መጠኑን እንደ ግፊቱ ምርመራ ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። በመልኩ አንድ የሚመስል ባሩድ በኃይሉ እጅግ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ጠጅና አረቄ በአንድ መለኪያ ቢሰፈሩ አንድ እንደማይሆኑ ሁሉ፣ የሁለት ባሩድ ክብደት እኩል መሆኑ የኃይላቸውን እኩልነት አያስረዳም። ስለዚህ በሥራው የሠለጠኑት ሰዎች የሚከተሉት ባሩዱን የሠራው ፋብሪካ መርምሮ ያተመውን ሠንጠረዥ ብቻ ነው፤ ከሠንጠረዡም ዝቅተኛ መጠን ጀምረው በጥቂት በጥቂት ከፍ ይላሉ፤ ከጣራው አያልፉም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሚዛን ነው። በዚህ ሥራ የተለመደው መለኪያ «ግሬን» የሚባለው ሲሆን፣ አንዱ ግሬን 0.0648 ግራም ነው። ሚዛኑ የግሬንን ዐሥረኛ፣ ማለትም ከ7 ሚሊግራም ያነሰውን ክብደት፣ ለይቶ ማሳየት አለበት። በፒያሳ የወርቅ ቤቶች ሚዛን ላይ ዓይኑን የሚያሳርፍ ሰው የዚህን ጥንቃቄ ትርጕም ይረዳዋል፤ ልዩነቱ ግን ወርቅ ሻጩ ሲሳሳት ገንዘብ መክሠሩ፣ ባሩድ መዛኙ ሲሳሳት ጣቱን ወይም ዓይኑን ማጣቱ ነው።

ሦስተኛው ነገር የአረሩ አቀማመጥ ነው። የ9 ሚሊሜትር ጥይት ጠቅላላ ርዝመት ቢበዛ 29.69 ሚሊሜትር ነው። አረሩ ከታሰበለት ይልቅ ወደ ውስጥ ጠልቆ ከተቀመጠ፣ ባሩዱ የሚነድበት ክፍት ቦታ ይጠብባል፤ ቦታው በጠበበ መጠን ግፊቱ ይጨምራል። በትንሽ ቀለህ ውስጥ የአንድ ሚሊሜትር ለውጥ ብዙ ነው። እንዲሁም አረሩ በቀለሁ አፍ በሚገባ ካልተያዘ፣ ሽጉጡ ጥይቱን ወደ ላይ ሲያጐርስ ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ ባሩዱ በትክክል የተመዘነ ጥይት ስንኳ በአቀማመጡ ምክንያት ሊበላሽ ይችላል።

አራተኛው ፍጥነት መለካት ነው። የጥይትን ፍጥነት በትክክል የሚለካ መሣሪያ ቤልጂጋዊው ለ ቡላንዤ በ1860ዎቹ ከሠራ ወዲህ፣ ያለ መለኪያ «ፈጣን ነው፤ ኃይለኛ ነው» ማለት ተራ ወሬ ሆኗል። ክሮኖግራፍ የተባለው የዛሬው መሣሪያ አረሩ ሁለት ነጥቦችን አልፎ የሚሄድበትን ጊዜ ቈጥሮ ፍጥነቱን ያሳያል። 8 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 350 ሜትር ቢሄድ ኃይሉ 490 ጁል መሆኑ ከዚህ ይሰላል። ሞዪው የፋብሪካውንና የራሱን ጥይት በአንድ ሽጉጥ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ እያፈራረቀ ካልለካ በቀር ተካክያለሁ ሊል አይችልም።

እዚህ ላይ ሻጭም ገዢም የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በሣጥኑ ላይ የሚታተመው ፍጥነት የተለካው በፋብሪካው መመርመሪያ አፈሙዝ ነው። የአፈሙዙ ርዝመት በተለወጠ ጊዜ ፍጥነቱም ይለወጣል፤ አጭር አፈሙዝ ያለው ሽጉጥ ከተጻፈው በታች ቢሰጥ ጥይቱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ቍጥር በአጭር ሽጉጥ አገኛለሁ ብሎ ባሩድ የሚጨምር ሰው፣ ሳያውቀው ከግፊቱ ጣራ በላይ እየወጣ ነው።

እነዚህን ሁሉ የሚጠብቅ ትጉህ ሰው በእርግጥ ከፋብሪካው ጋር ይተካከላል፤ ለገዛ ሽጉጡ የተስማማውን መርጦ በሚሞላበት ጊዜም በተመሳሳይነት ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን ማስረጃው ያለው በእርሱ ሚዛን፣ በእርሱ ሽጉጥና በእርሱ መዝገብ ውስጥ ብቻ ነው። ጥይቱ ከእጁ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው ሽጉጥ በገባ ጊዜ ማስረጃው አብሮት አይሄድም። የገዛው ሰው በእጁ የያዘው እንደ ቀድሞው የውጅግራ ጥይት በውጭ ደህና የሚመስል፣ በውስጡ ግን ያልታወቀ ነገር ነው። «ለሞላው ይተካከላል፤ ለገዛው ግን አይተካከልም» ያልነው ስለዚህ ነው።

ስለ ሕጉና ስለ ጉምሩኩ

የጦር መሣሪያ ንግድ ወደ አገራችን በነጻነት የገባበት ዘመን አጭር ነው። የ1890 የብራስልስ ስምምነት ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ ወሰነ፤ በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በባሕሩ ጠረፍ የሚያልፈውን መሣሪያ ለመቈጣጠር ተዋዋሉ፤ ኢትዮጵያም ራሷ ተካፋይ የሆነችበት የመሣሪያ ማስገቢያ ውል ነሐሴ 21 ቀን 1930 ፓሪስ ላይ ተፈረመ።

በዛሬው ጊዜ የሚሠራው ሕግ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት ማምረት፣ ማስገባት፣ ማከማቸትና መነገድ ያስቀጣል፤ የቍጥጥሩም ሥራ የፌዴራል ፖሊስ ነው። «እኔ ባዶ ቀለህ ሞላሁ እንጂ ጥይት አልሠራሁም» የሚል ሰው በሕግ ፊት የሚያድነው ምክንያት አግኝቻለሁ ብሎ አይታመን፤ ቀለሁ በተሞላ ጊዜ ጥይት ሆኗልና።

አስመጪው ደግሞ ክፍሎቹን ለያይቶ ማዘዝ ነገሩን ያቀልልኛል ብሎ እንዳይታለል። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ታሪፍ ጥይትና የጥይት ክፍሎች በቍጥር 93.06፣ ባሩድ በቍጥር 36.01፣ ካፕሱል በቍጥር 36.03 ይመደባሉ። በማጓጓዝም ረገድ የአደገኛ ዕቃዎች ደንብ ባሩዱን ከተሠራው ጥይት ይልቅ ከባድ አድርጎ ያየዋል። ተሠርቶ የታሸገ የሽጉጥ ጥይት በተባበሩት መንግሥታት ቍጥር 0012 ሆኖ 1.4 ኤስ ከተባለው ቀላል ምድብ ውስጥ ሲገባ፣ ጢስ አልባ ባሩድ በቍጥር 0161 ሆኖ 1.3 ሲ ከተባለው ከባድ ምድብ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በዕቃ ዝርዝር ላይ ርካሽ የሚመስለው ባሩድ በመርከብ፣ በመድንና በመጋዘን ወጪ ሲታሰብ ርካሽ ሆኖ አይገኝም፤ ፈቃድም የሚጠይቅ ነው።

ለነጋዴ ወገኖቻችን

ከዚህ ሁሉ ለንግዱ ሥራ የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች ይገኛሉ።

1ኛ፤ ጥይት ለመነገድ በሕግ የተፈቀደለት ነጋዴ የመጀመሪያው የፋብሪካ ሣጥን ያልሆነውን፣ የምድብ ቍጥሩ የተፋቀውን ወይም በልቅ የመጣውን ጥይት ቢቀበል፣ የቀለሁን አንጸባራቂነት እንጂ ጥይቱን አልገዛም። የናስ መወልወል ምንም ነገር አያረጋግጥም።

2ኛ፤ የምድብ ቍጥሩን ከሽያጭ ደረሰኙ ጋር መዝግቦ መያዝ ትልቅ ጥቅም አለው። ፋብሪካው አንዱን ምድብ ጕድለት አለበት ብሎ መልሱልኝ ባለ ጊዜ፣ መዝገብ ያለው ነጋዴ የትኛውን ሣጥን ለማን እንደ ሸጠ ያውቃል፤ መዝገብ የሌለው ግን ሁሉንም ይጠረጥራል፤ በሁሉም ይጠረጠራል።

3ኛ፤ ጥይት በቀዝቃዛና በደረቅ ቦታ መቀመጥ ይገባዋል። የቆላ ሙቀት ለረዥም ጊዜ የተፈራረቀበት ባሩድ ጠባዩ ይለወጣል፤ እርጥበትም ካፕሱሏን ያከሽፋታል። በሚገባ ያልተቀመጠ የፋብሪካ ጥይት የፋብሪካውን ስም ይዞ ይቀራል እንጂ የፋብሪካውን ተመሳሳይነት አይዝም።

4ኛ፤ ባዶ ቀለህ ራሱ የንግድ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ትክክለኛ መንገዱ እንደገና መሞላት አይደለም። ናስ በቍጥር 74.04 የሚመደብ የመዳብ ዘር ቍርጥራጭ ሆኖ ለማቅለጫ ይሸጣል። በእንጦጦ በኩል ያሉ ሴት የእጅ ባለሙያዎች ከቀለጠ የጥይት ቀለህ ዶቃና የአንገት ጌጥ ሠርተው ሥራቸው ወደ ውጭ አገር እስከ መላክ ደርሷል። በዚህ ንግድም ቢሆን ገዢው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር ከባዶው መካከል ያልተተኮሰ ጥይት ወይም ያልከሰመ ካፕሱል አለመኖሩን ነው። ስለዚህ ቀለህ ሰብሳቢው ከሕጋዊ ምንጭ ማግኘቱን የሚያስረዳ ወረቀት ሊኖረው፣ እያንዳንዱንም ቀለህ ወደ እቶን ሳይገባ መመርመር ይገባዋል። አንድ ያልታየ ጥይት በማቅለጫ እሳት ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚያደርስ ማስረዳት አያስፈልግም።

በመጨረሻ የምናስታውሰው ነገር ከጥይት ንግድ ውጭ ላለው ነጋዴም የሚሆን ነው። የጋዝ ሲሊንደር ቢሆን፣ የመኪና ባትሪ ቢሆን፣ የሞተር ዘይት ቢሆን፣ ውስጡ የማይታይ ዕቃ ሁሉ የሚሸጠው በእምነት ነው። እምነቱ የሚገኘው ደግሞ ከማሸጊያው ውበት ወይም ከሻጩ ቃል አይደለም፤ የሞላው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ በምን ሚዛን እንደ ለካ፣ ከየትኛው ምድብ እንደ ወጣ ከሚያሳይ ጽሑፍ ነው። የውጅግራ ጥይት በገንዘብነት በተሠራበት ዘመን ይህ ጽሑፍ አልነበረም፤ ዕዳውም የመጨረሻው ተቀባይ ላይ ይወድቅ ነበር። ዛሬ ጽሑፉ በሣጥኑ ላይ ታትሞ ይመጣል፤ ነጋዴው ሳያነብ እንዳይቀበል፣ ሳይመዘግብም እንዳይሸጥ እናሳስባለን።